ከምንጩ መቅዳት

«ቀዳ» የሚለው ግስ በአማርኛችን ብዙ ሥራ ተጭኖበታል። እንስራ አዝላ ቁልቁል የወረደች ልጅ ከምንጭ ውኃ ትቀዳለች። ቡናው ሲሰክን ያፈላችው ለእንግዳው ትቀዳለች። ጸሐፊው ከብራና ወደ ብራና ይቀዳል። በካሴት ዘመን ያደግን ሰዎች ደግሞ ዘፈኑንም መንዙማውንም ከክር ወደ ክር እየቀዳን ነው ጆሯችንን ያሳደግነው። «ኮረጀ» ሲባል ግን ፊታችን ይጠቁራል። ሁለቱም ያለን ነገር ደግሞ የማኖር ሥራዎች ናቸው፤ አንደኛው በማዕረግ ይጠራል፣ ሁለተኛው ከፈተና አዳራሽ ያስባርራል። ለመሆኑ ወሰናቸው የት ላይ ነው?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ለእኔ የእንጀራ ጥያቄ ነው። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የብረታ ብረት ቤት የበርና የመስኮት ንድፍ በኮምፒውተር አወጣለሁ፤ ማታ ማታ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቼ ወደ ደሴ ብርድ እመለሳለሁ። ቤቱ ያለው ማሽን «ሲኤንሲ ፕላዝማ» ይባላል። በኮምፒውተር የተሣለውን መሥመር እየተከተለ፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የጋለ አየር በጠባብ አፍንጫው እየተፋ፣ ላሜራውን እንደ ጨርቅ ይቀደዋል። ባለሙያ በመጋዝና በሞረድ ሳምንት የሚደክምበትን ጌጥ ይህ ማሽን ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል።

ታዲያ በሮቻችንን ልብ ብላችሁ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? ጣዎስ አለ፤ የወይን ሐረግ አለ፤ አፉን የከፈተ አንበሳ አለ፤ የማን አገር እንደ ሆነ የማይታወቅ አበባ አለ። በሕይወቱ ጣዎስ አይቶ የማያውቅ ሰው በየማለዳው ጣዎስ ከፍቶ ይወጣል፤ ማታ ጣዎስ ዘግቶ ይተኛል። እነዚህ ንድፎች ከበይነ መረብ የወረዱ፣ በፍላሽ ዲስክ ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚዞሩ ናቸው። መጀመሪያ ማን እንደ ሣላቸው የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። እኛ ቆራጮች ነን። ማሽኑ መጣልን፤ ፋይሉ መጣልን፤ ከእኛ የሚጠበቀው ላሜራውን አስተካክሎ ማስተኛት ብቻ ሆነ። ይህ ነገር ከዓመት ወደ ዓመት ሆዴን እየቆረጠኝ መጣ።

ዓለም በዚህ ጉዳይ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በ2005 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢጣሊያ፣ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የንድፍ ትምህርት ተቋም የተሰበሰቡ ሰዎች አርዱዊኖ የተባለች መዳፍ የማትሞላ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሠሩ። ኢቭሪያ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለችም፤ የኦሊቬቲ አገር ናት፤ በየመሥሪያ ቤታችን ሲንጣጡ ከኖሩት የአማርኛ ታይፕራይተሮች መካከልም የዚያ ኩባንያ ሥራዎች ነበሩባቸው። ሰሌዳዋ የታሰበችው መሐንዲስ ላልሆነ ሰው ነው፤ ሠዓሊው ወይም የንድፍ ተማሪው መብራት የሚያበራ፣ ሞተር የሚያዞር፣ ሙቀት የሚለካ ነገር በራሱ እጅ እንዲሠራ። እኔን የማረከኝ ግን ወደ ዓለም የወጣችበት ምክንያት ነው። ተቋሙ ገንዘብ አጥሮት ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር፤ ሠሪዎቹም ድካማቸው ከቤቱ ጋር እንዳይቀበር ፈሩ። ስለዚህ ንድፉን ሁሉም እንዲቀዳው፣ እንዲያሻሽለው፣ ሠርቶም እንዲሸጠው ክፍት አደረጉት። ለራሳቸው ያስቀሩት ስሙን ነው። በዚያው ዓመት ገደማ በእንግሊዝ አገር በባዝ ዩኒቨርሲቲ ኤድሪያን ቦየር የሚባሉ መምህር ራፕራፕ የተባለ ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ ጀመሩ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ይህ ማተሚያ የመሰሉን የፕላስቲክ ክፍሎች አትሞ ልጅ ወለደ። የእርሱም ንድፍ ለፈለገ ሁሉ የተሰጠ ነበር።

ሙያ፣ ኪነ ጥበብና ኮምፒውተር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡበት፣ የተሠራው ነገር ብቻ ሳይሆን አሠራሩም የሚሰጥበት ይህ ልማድ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ተከታይ አለው። የንድፉን ክፍትነት በአማርኛ «ክፍት ምንጭ» እንለዋለን። እንዴት ያለ ዕድለኛ ትርጉም ነው! በሌላው ቋንቋ «ምንጭ» የተባለው የነገሩ መነሻ ነው፤ በእኛ ግን ምንጭ ውኃ አለው። ክፍት ምንጭ ማለት አጥር ያልዞረበት፣ መንደርተኛው ሁሉ እንስራውን ይዞ የሚወርድበት ማለት ነው። ስለተቀዳ አይጎድልም፤ ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ ዳዋ የሚውጠው ቀጂ ሲጠፋ ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻንም። ደቡብ ወሎ ውስጥ ሁለት አሉ።

የመጀመሪያው መቅደላ ላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያን ባለእጆችንና አገሬውን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ገደል እየተቆፈረለት፣ ስድስት ወር ያህል ተጉዞ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ። የእንግሊዝ ጦር አምባውን አቃጥሎ መጻሕፍቱንና ንዋያቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ሄደ፤ መድፉ ግን ከአምባው ላይ ቀረ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ብረቱ ቀረ፤ ጋፋት ግን አልቀጠለም። ብረቱን ያቀለጡት እጆች ሲበተኑ እውቀታቸውም አብሯቸው ተበተነ። መድፉን እያየ መድፍ መሥራት የሚችል ሰው የለም፤ የተሠራ ነገር ስለ አሠራሩ ብዙ አይናገርም።

ሁለተኛው ሐይቅ ላይ ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን በመኪና ብዙም ሳንርቅ የምናገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የመጻሕፍት ቤት ሆነ። በዚያ ዘመን የተጻፈ ወንጌል እስከ እኛ ደርሷል። እዚያ የነበረው ሥራ ምን ነበር? መቅዳት! አንዱ ከአንዱ፣ ሌላው ከሌላው፣ በብርዕና በቀለም። ብራና ይቃጠላል፤ ይዘረፋል፤ አይጥ ይበላዋል። መጽሐፉ ግን በሌላ ገዳም ልጅ፣ በሦስተኛው የልጅ ልጅ ስላለው አይሞትም። ደግሞም በአገራችን ብራናዎች ጫፍ ላይ ያለውን የታወቀ ልማድ አስታውሱ፤ ጸሐፊው ስሙን ያኖራል፤ ያስጻፈውንም ያወሳል፤ መጽሐፉን የሰረቀውን ወይም ስሙን የፋቀውን ይገዝታል። የቀዳውን ግን አይገዝትም። አርዱዊኖን የሠሩት ሰዎች ንድፉን ሰጥተው ስሙን ሲያስቀሩ፣ የእኛ ደብተራ ከስንት መቶ ዓመት በፊት የደረሰበት ቦታ ላይ ቆመዋል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

እንግዲህ መጽሐፍ የመቅዳት ባህል ያለን ሰዎች የእጅ ሥራን ለምን አልቀዳንም? ለምን የአንጥረኛው፣ የሸማኔው፣ የሸክላ ሠሪዋ እውቀት በወረቀት ላይ አልሰፈረም? መልሱ የሚያሳፍር ነው። ጸሐፊውን ስናከብር ባለእጁን ናቅነው። «ባለእጅ» ማለት እጅ ያለው ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከየት ይመጣል? እኛ ግን ስድብ አደረግነው፤ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያልን ከማዕዳችን አራቅነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ አዋጅ ያስፈለገው ነገሩ ምን ያህል ሥር ቢሰድ ነው! ከማዕድ የተገለለ ሰው ደግሞ ያለው አንድ ሀብት ምሥጢሩ ነው። ምሥጢሩን ለልጁ ብቻ ያወርሳል፤ ልጁ ያፈረበት ዕለት ምሥጢሩ መቃብር ይወርዳል። ስለዚህ የባለእጅን ዝምታ ንፉግነት አልለውም። በሩን አስቀድመን የዘጋነው እኛ ነን።

ንድፍ የተገለጠበት ሙያ ግን እንዴት እንደሚሰፋ በልጅነቴ አይቻለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ራዲዮ የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ነበሩ። አንዳንዶቹ የጥንት የቱቦ ራዲዮኖች የጀርባ ክዳናቸው ሲከፈት፣ ከውስጥ በኩል የመሥመሩ ሥዕል የታተመበት ወረቀት ተለጥፎ ይገኝ ነበር። ጋሼ ካቻቢቴያቸውን አፋቸው ውስጥ ነክሰው፣ ሥዕሉን በጣታቸው እየተከተሉ፣ «አየህ፣ የሠራው ሰው የሚበላሽበትን ቀን አስቦ ደብዳቤ ትቶልኛል» ይሉኝ ነበር። ትምህርታቸው ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ደብዳቤውን ግን ያነብቡት ነበር። የዛሬው ስልክ ያለ ደብዳቤ ተጣብቆ ይመጣል።

አሁን ወደ አክስቴ ልውሰዳችሁ።

አክስቴ ደሴ ውስጥ፣ ጦሳ ተራራ ቁልቁል በሚያየው ሰፈር ይኖራሉ። ስፌት ሰፊ ናቸው። በወስፌ፣ በሰንደዶና በአክርማ፣ ቀለም በተነከረ አለላ፣ መሶብና ሙዳይ ሰፍተው ነው ሦስት ልጅ ያስተማሩት። ልጆቻቸው ሁሉም ወጥተዋል፤ ስፌት የያዘ የለም። ዐይናቸው ደክሟል፤ በመነጽርም ወስፌው ከቀዳዳው ይስታቸዋል። ጌጦቻቸውን ከእናታቸው ተቀብለዋል፤ እናታቸው ከእናታቸው። አንዱም በወረቀት ላይ የለም።

አንድ ቅዳሜ ደብተር ይዤ ሄድሁ። «አክስቴ፣ የመሶቡን ጥለት ልጽፈው ነው፤ ይንገሩኝ» አልኋቸው።

«ይነገራል እንዴ? ይሰፋል እንጂ!» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ግን ነገሩኝ። ስፌት ከመሐሉ ይጀምራል፤ እየዞረ ይሰፋል። በመጀመሪያው ዙር የነበሩት ጥቂት ስፌቶች በየዙሩ ይበዛሉ፤ ስለዚህ ጌጡም አብሮ ካልሰፋ ይዛባል። አክስቴ ይህን ሁሉ የሚይዙት በቁጥር ነው፤ «ሦስት ቀይ፣ አንድ ነጭ፤ በሚቀጥለው ዙር አራት ቀይ፣ ነጩን አትንካው»። ባለ አራት ማዕዘን ካሬ ወረቀት ይዤ ስለነበር ሥዕሉ እምቢ አለኝ። ወረቀቱን ጥዬ ክበብ ውስጥ ክበብ አሠመርሁ፤ ያኔ ገባልኝ። አሠራሩም አዲስ አልሆነብኝም። ባለ ሦስት አውታር ማተሚያም ቀጭን ፕላስቲክ እያቀለጠ፣ ዙር በዙር ላይ እየደረበ ነው ዕቃ የሚያቆመው። አክስቴ ያለ ኤሌክትሪክ ስድሳ ዓመት ሲያትሙ ኖረዋል።

ጥለቱን ወደ ኮምፒውተር አስገብቼ ለብረት ሳሰናዳው ሌላ ችግር ገጠመኝ። በስፌት ቀዩም ነጩም ቦታ አለው፤ በላሜራ ግን የተቆረጠው ይወድቃል። በቀዳዳ የተከበበ ጌጥ የሚይዘው ነገር ስለሌለ አብሮ ይወርዳል። ይህን በወረቀት ቀድጄ ለአክስቴ አሳየኋቸው። ወረቀቱን በጣቶቻቸው ዳሰሱት፤ ቀስ ብለውም፣ «ልጄ፣ ስፌት ፊተኛውን ዙር ሳይነክስ አይቆምም፤ ይህንንም አስነክሰው» አሉኝ። በየት በየት እንደሚነክስ በጥፍራቸው ምልክት አደረጉልኝ። ስምንት ቦታ ነበር። እኔ በዘፈቀደ ብይዘው ጌጡን የሚሰብረው ድልድይ፣ በእርሳቸው ምልክት ሲሆን የጌጡ አካል ሆነ። የምህንድስና ምክር ነበር የሰጡኝ፤ እርሳቸው ግን «ይኸ ምን ሙያ አለው፣ አብሽር» ብለው ወደ ጀበናቸው ዞሩ።

በሩ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ደንበኛ ግቢ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ጥለቱን ሌሎች ቤቶች በስልክ ፎቶ አንሥተው መጡ፤ «እንደዚያኛው ሥራልን» አሉ። የሥራ ባልደረቦቼ ፋይሉን ቆልፍ ብለው መከሩኝ። ምክራቸው ከክፋት አልነበረም፤ በአገራችን አንድ ነገር ሲሸጥ ጎረቤቱ በነጋታው ያንኑ ይሸጣል፤ ዋጋው ይወድቃል። የድኻ ምሥጢር እንጀራው ነው የሚለውን ክርክር በቀላሉ አላየውም።

ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዳረሰ ጊዜ የሆነውን እናውቃለን። የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። የወሎ ዩኒቨርሲቲና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ጉዳት ደረሰባቸው። የእኛም ቤት የሚነቀለው ሁሉ ተነቀለበት። ወደ ሥራ ስንመለስ ያገኘነው የግድግዳውን ሚስማርና የተቆራረጠ ገመድ ነበር። የበር ንድፎቻችን የነበሩበት ኮምፒውተርም አልነበረም። ብዙዎቹን መልሰን ያገኘናቸው ከማን ይመስላችኋል? ቀድተውን ከነበሩት፣ «ሌቦች» ስንላቸው ከኖርነው፣ ሌላ ከተማ ካሉ የሙያ ወንድሞቻችን ነው። በፍላሽ ዲስክ መለሱልን። ከአክስቴ ጋር የሠራነው ሥራ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ፋይሉን ቆልፍ ሲሉኝ እጄ አልታዘዘኝም። ንብረት በቁልፍ ይጠበቅ ይሆናል፤ አሠራርን ግን ከመጥፋት ያተረፈው ሌላ ሰው ዘንድ መገኘቱ ነበር።

ስለ እንጀራው ጥያቄ ደግሞ መርካቶን አስባለሁ። ምናለሽ ተራ ውስጥ ከወዳደቀ ቆርቆሮና ብረት ምድጃውን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ ወንፊቱን የሚያወጡት ሰዎች አንዱ የሌላውን ሥራ በዐይኑ እየቀዳ ነው የሚኖሩት። ምሥጢር የሚባል ነገር የለም፤ ደጃፍ ላይ ነው የሚቀጠቀጠው። የሚለያቸው የእጃቸው ጥራት ነው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ደግሞ ከዚያው ከመርካቶ የተጣሉ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችንና ባለቀለም ሽቦዎችን ገዝቶ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ፣ በታላላቅ የዓለም ሙዚየሞች የተሰቀሉ ሥራዎች ሠራ። ከመስከረም አሰግድ ጋር በመሠረቱት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳዎች ላይም የጭቃና የጭድ ጥበብ እንደ ሐረግ ይጠማዘዛል። ሽቦው የማንም ነበር፤ ጭቃውም የማንም። ዐይኑንና እጁን ግን ማንም ሊቀዳው አልቻለም። አክስቴም መሶባቸው የሚሸጠው ጥለቱ ምሥጢር ስለሆነ አልነበረም፤ ገበያ ላይ አሥር ሴት ያየዋል። የሚሸጠው ውኃ ስለማያሳልፍና ስለማይዛባ ነው።

ስለዚህ ፋይሉን ሰጠሁ። ለደሴም፣ ለኮምቦልቻም፣ ለጠየቀኝ ሁሉ። አንድ ነገር ግን ጨመርሁበት፤ በንድፉ ታችኛ ማዕዘን፣ ከጣት ጥፍር በማይበልጥ ፊደል፣ የባለቤቷ ስም አብሮ ይቆረጣል። የሚቀዳው ሰው ስሙን እንዳይፍቅ ተለምኗል። አክስቴን ስማቸውን ለማኖር ፈቃድ ስጠይቃቸው ግን፣ «የእኔን ምን ያደርግልሃል? የእናቴን ጻፍ» አሉኝ። ቤታቸው ውስጥ ፎቶግራፍ እንኳ ያልቀረላቸው እናት፣ ስማቸው አሁን በሰው በር ላይ በብረት አለ። አንዳንዱ ሠሪ ይተወዋል፤ አንዳንዱ ይፍቀዋል። በሐይቅ ዘመንም የሚፍቅ ባይኖር ኖሮ ግዝት ባላስፈለገ ነበር።

ከአክስቴ ዘጠኝ ጥለት ጽፌያለሁ። ዐሥረኛውን አልሰጡኝም። በአንዲት ትንሽ ሙዳይ ክዳን ላይ ያለ፣ ጥቁርና ቢጫ የሚፈራረቁበት ነው። ደብተሬን ስዘረጋ ሙዳዩን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አድርገው፣ «ይቺን እናቴ ለሠርጌ ሰፍታ የሰጠችኝ ናት፤ ይቺ አትጻፍ» አሉ። ብዕሬን ከደንሁ። ስለ ክፍት ምንጭ የማምነውን ሁሉ አምናለሁ፤ ነገር ግን ሰጪው ሰጪ የሚሆነው አልሰጥም ማለት ሲችል ነው። ባለእጆቻችንን ለዘመናት ንቀን፣ ዛሬ ደግሞ በመጋራት ስም እጃቸውን ብንፈትሽ በምን ተሻልን?

እናንተስ? የእናታችሁ እጅ የሚያውቀው፣ እናንተ የማታውቁት ነገር ምንድን ነው? የጠላው ጥንስስ ይሁን፣ የጋቢው ጥለት፣ የምጣዱ አሰሳ… ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። አስቀድማችሁ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቁ። እኔም በመጪው ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ሙዳዩን ግን አልጠይቅም።